ፍየሌ ሦስት ወልዳ አንዱን አልቀበል አለች፤ ትንሹ በርዶታል፣ ምን ላድርግ?

ጠባሴ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር ነው፣ ፍየል ማርባት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዳለቻ የምላት ፍየሌ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ሦስት ወለደች። አንዷ ሴትና አንዱ ወንድ ጠንካሮች ናቸው፣ ቆመው እየተንገዳገዱ ነው። ሦስተኛው ግን የእነሱን ግማሽ አያክልም። አንገቱን ማቅናት አቅቶት ጭዱ ላይ ተዘርግቷል። እናትየው ሁለቱን ልሳ አደረቀቻቸው፣ እሱን ግን አሽትታ ጥላው ትሄዳለች። ሳስጠጋላት በቀንዷ ገፋችው። አፉ ውስጥ ጣቴን ባስገባ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዘቀዘኝ።

የኅዳርን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መብራት ጠፍቷል። አማቴ ደግሞ «እንግዴ ልጁ ሳይወድቅ እንዳታጠቢያቸው፣ እንገሩ ሆዳቸውን ያበላሸዋል» ብለው ስለከለከሉኝ ሦስቱም እስካሁን ምንም አልቀመሱም። ቤት ውስጥ ያለኝ የልጄ የነበረ ጡጦ፣ ከሰል፣ ጋቢ፣ አዮዲንና ትንሽ ቅቤ ነው። እባካችሁ ቶሎ።

ክትፎ_ወዳጅ | 1:14

እንኳን ማርያም ማረቻት! ገንፎው መቼ ነው? 😂

መርፌና_ጓንት | 1:18

ቀልዱ ይቆየን ወንድሜ።

እህቴ፣ እኔ የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። አማትሽን በአክብሮት እለፊያቸውና ሁለቱን ጠንካሮች አሁኑኑ ጡት አስይዣቸው። እንግዴ ልጁን መጠበቅ የለብሽም። እንዲያውም ግልገል ሲጠባ የእናቱ ማህፀን ስለሚኮማተር እንግዴ ልጁ ቶሎ ይወድቃል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከማስያዝሽ በፊት ሁለቱንም ጡቶቿን ሁለት ሦስቴ አለብ አለብ አድርጊ። ጫፉን እንደ ሰም የደፈነ ነገር አለ፣ እሱ ካልወጣ ይጠባሉ ብለሽ ስታይ አየር ነው የሚስቡት።

ትንሹን ግን ገና ወተት እንዳትሰጪው። ቴርሞሜትር አለሽ? ካለሽ ጫፉን ቅባት ቀብተሽ በፊንጢጣው ለኪና ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ጠባሴ_ማዶ | 1:27

የልጄ ቴርሞሜትር ነበረኝ። 35 ነጥብ 6 አለ። ሁለቱ ጡት ይዘዋል፣ ጭራቸው ሲወዛወዝ አላቆም አለ። አማቴ አኩርፈው ገቡ።

መርፌና_ጓንት | 1:31

ጭራ ከተወዛወዘ ወተት እየወረደ ነው፣ ጥሩ።

ጤነኛ ግልገል ከ38 ተኩል እስከ 39 ተኩል ነው ሙቀቱ። ከ37 በታች ሲወርድ ሆዱ ሥራውን ያቆማል፣ የመጥባትና የመዋጥ አቅሙም ይጠፋል። አንጀታችን አልችል ብሎን ወተት ስናጠጣው ግማሹ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ብዙ ግልገል የሚሞተው በብርዱ ብቻ ሳይሆን «ይብላ» ብለን በምናጠጣው ነው። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ እንገር።

ከተወለደ ሦስት ሰዓት ስለሆነው ዕድል አለሽ። ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ትንሽ የስብ ስንቅ አለ፣ እሱ ገና አላለቀም። አምስት ሰዓት ካለፈው በኋላ ቢሆን ኖሮ ማሞቅ ብቻውን አደጋ ነው፣ የደሙ ስኳር ስለሚያልቅ ሲሞቅ ይንቀጠቀጥና ይሞታል። ያኔ መጀመሪያ ግሉኮስ በሆዱ በመርፌ ነው፣ ያ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ አሁን ሰዓት አታጥፊ።

የቆቦ_ገበሬ | 1:34

ልጄ፣ እኛ ቆላ ስለሆንን ብርዱን ያን ያህል አናውቀውም፣ ደካማ ግልገል ግን ስንቱን አይተናል። ቅቤ አልሺው። አባቶቻችን የሚያደርጉት እሱን ነው። ገላውንም በቅቤ ብታሽው ይሞቃል።

መርፌና_ጓንት | 1:37

ጋሼ፣ እርስዎን መቃወሜ አይደለም፣ ማሸቱ አይጎዳውም። ግን እርጥብ ፀጉር ላይ ቅቤ ከቀባችበት አይደርቅም፣ ካልደረቀ ደግሞ አይሞቅም። ማላሱን ዛሬ ይተውልኝ፣ መዋጥ የማይችል ነው። ሲበረታ ያኔ።

እሙ_ሐረማያ | 1:40

ጠባሴ እህቴ፣ እኔ የወተት ፍየል ከያዝኩ ብዙ ጊዜዬ ነው (አንግሎ ኑቢያን ክልሶች)። የምለውን አድርጊ።

ባልዲ ውስጥ ክርንሽን ስታስገቢ ደስ የሚል ግን የማያቃጥል ውኃ አድርጊ። ግልገሉን ትልቅ ፌስታል ውስጥ ክተቺው፣ ጭንቅላቱ ብቻ ወጥቶ። ከዚያ ፌስታሉን እንደያዝሽ ውኃው ውስጥ አስገቢው። ፌስታሉ ለምን መሰለሽ፣ ገላው ከራሰ የእናቱ ሽታ ይታጠባል፣ እሷ ደግሞ እንዲያውም ሰበብ ፈልጋለች! አንገቱን ከፍ አድርገሽ ያዢ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ሙቅ እየጨመርሽ ወደ ሃያ ደቂቃ አቆዪው። አልፎ አልፎ ጣትሽን አፉ ውስጥ አስገቢ። ጣትሽ ሙቀት ሲሰማው፣ ኋላም ሲጠባሽ ታውቂዋለሽ።

ከሰሉን ውጪ አቀጣጥለሽ ውኃ ብቻ አሙቂበት። በሩን ዘግተሽ ከሰል ጉረኖው ውስጥ እንዳታስገቢ፣ አንቺም እሱም አታድሩም።

ቨርጂኒያ_77 | 1:52

እኔ እዚህ አሜሪካ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ድንክ ፍየሎች አሉኝ። ማሞቂያ አምፖል አንጠልጥይበት፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ግን በሰንሰለት አጥብቀሽ እሰሪው፣ ጭድ ላይ ወድቆ ጎተራ ያቃጠለበት ጎረቤት አለኝ።

ክትፎ_ወዳጅ | 1:53

ወንድም፣ መብራት የለም ብላሃለች እኮ።

ቨርጂኒያ_77 | 1:55

ይቅርታ፣ ረስቼው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ ከጎኑና ከጎኑ ብታስቀምጥለትስ? እኔም መብራት ሲጠፋ እሱን ነው የማደርገው። በቀጥታ ገላውን እንዳይነካው ብቻ፣ ቆዳው ያርራል።

ጠባሴ_ማዶ | ከምሽቱ 3:05

ፌስታሉን አደረግኩ። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አለቀ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሦስተኛውን ውኃ ስለውጥ የኋላ እግሩን አንዴ ፈራገጠ። አሁን በጋቢ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ነው፣ በሁለት ሃይላንድ መሐል። 37 ነጥብ 9። ጣቴን ሳስገባለት በምላሱ ጠቅለል አድርጎ ሳበኝ! በሽንኩርት ሚዛን መዘንኩት፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነው።

መርፌና_ጓንት | 3:09

ጎበዝ! አሁን እናቱን እለቢና እንገሩን በጡጦ ስጪው። እንገር ወፍራምና ቢጫ ነው፣ የጡጦው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ በመርፌ ትንሽ አስፊው። ቀዝቅዞ ከሆነ ጡጦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ አሙቂ፣ እሳት ላይ አታፍይው፣ ይረጋል።

አያያዙ ላይ ተጠንቀቂ፦ እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝተሽ አይደለም። በሆዱ ወይም በአራት እግሩ እንደቆመ ሆኖ፣ አንገቱ ቀና ብሎ፣ ልክ ከእናቱ ሥር ቆሞ እንደሚጠባ። በጀርባው ከሆነ ትን ይለዋል።

መጠኑ ለእሱ ክብደት በአንድ ጊዜ እስከ 60 ሚሊ፣ አንድ የቡና ሲኒ ግድም ነው። በየሦስት ሰዓቱ ስጪው፣ እስከ ነገ ማታ ቢያንስ አራት ሲኒ ሆዱ ይግባ። እንገሩ ምግብ ብቻ አይደለም። ፍየል በማህፀን ለልጇ የበሽታ መከላከያ አታስተላልፍም፣ የሚያገኘው በእንገር ነው። የግልገል አንጀት ደግሞ ያንን መከላከያ የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እየጠበበ ይሄዳል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። የአማትሽ ነገር ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው። እንግዴ ልጁ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ እስከዚያ ቢጠብቁ ዋናው ጊዜ አልፎ ነበር።

እትብታቸውንስ?

ጠባሴ_ማዶ | 3:30

የትንሹን አዮዲኑ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ሲኒዋን ጨርሶ አንቀላፋ። እኔም በቁሜ ላንቀላፋ ነው።

የቆቦ_ገበሬ | 3:41

እናቲቱንስ ማን አሰበ? ሦስት ልጅ አውጥታ ባዶ ሆዷን እንዳታድር። ለብ ያለ ውኃ ፉርሽካና ጨው በጥብጠሽ ስጫት።

ጠባሴ_ማዶ | 3:58

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ረስቻት ነበር። ባልዲውን ሳቀርብላት ጭንቅላቷን እስከ ዓይኗ ነክራ አንድም ሳታስቀር ጠጣችው፣ ከዚያ ባልዲውን እየገፋች ጨምሪ ትለኛለች።

እሙ_ሐረማያ | 4:06

ነገም ለብ ያለውን አትከልክያት። እህል ግን ገና ነው። «አራስ ናት ትጠንክር» ተብሎ ገብስ በጣሳ ተሰፍሮላት ሆዷ ተነፍቶ የሞተች ፍየል አይቻለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ድርቆሽ፣ ቅጠል፣ ከዚያ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በእፍኝ እየጨመርሽ። ሙሉ ራሽኗን ለመድረስ አሥር ቀን ይፍጅብሽ።

ጠባሴ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

ሦስቱም አድረዋል!! እንግዴ ልጁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ወደቀ። ለአማቴ ላሳያቸው ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ራሳቸው መጥተው ካርቶኑን ከፍተው አይተው «ይሄ እኮ ሞቶ ነበር» አሉና ሄዱ። ቡና አፍልተውልኛል፣ ታርቀናል ማለት ነው።

ትንሹ ካካው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚጣበቅ ነው። ችግር ነው?

መርፌና_ጓንት | 1:15

የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ ሆዱ ውስጥ ይዞት የመጣው ነው። መውጣቱ ጥሩ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ቢጫ ይሆናል። ፊንጢጣው ላይ ደርቆ ከደፈነ ለብ ባለ ውኃ በጨርቅ ጥረጊለት።

እንግዴ ልጁን ምን አደረግሽው?

የቆቦ_ገበሬ | 1:20

እኛ ለውሻ ነው የምንወረውረው።

መርፌና_ጓንት | 1:29

ጋሼ፣ እሱን ግን አይድገሙት። ፍየል ላይ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፣ ያስወርዳታል። ባትጨነግፍም ጀርሙ እንግዴ ልጁና ፈሳሹ ውስጥ በብዛት ይወጣል። ወደ ሰውም ይተላለፋል፦ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም። ወባ ነው እየተባለ ወራት የሚታከም ሰው አውቃለሁ። በባዶ እጅ አለመንካት፣ ጓንት ከሌለ እጅን በፌስታል መጠቅለል፣ ጥልቅ አድርጎ መቅበር። ወተቷንም ሳያፈሉ አለመጠጣት። ነፍሰ ጡር ሴት ፍየል አታዋልድ።

ጠባሴ_ማዶ | 1:33

ቀብሬዋለሁ፣ በፌስታል ይዤ። አሁን ጥያቄዬ ዳለቻ ናት። ትንሹን ዛሬም አትቀበለውም። ሁለቱን ታጠባለች፣ እሱ ሲጠጋ ዞራ ትወጋዋለች። ጡቷ ሁለት፣ አፉ ሦስት ነው፣ ይገባኛል ስሌቷ። ግን በጡጦ ብቻ ሦስት ወር እንዴት እችላለሁ? ሥራ አለኝ።

እሙ_ሐረማያ | 1:50

ስሌት ሳይሆን ሽታ ነው። ፍየል ልጇን የምታውቀው በማሽተት ነው፣ በተለይ ከጭራው ሥር። እሱ ሌሊቱን ጋቢ ውስጥ አድሮ ያንቺን ቤት ሸትቶ ነው የመጣው። የራሷን እንገር ስለጠጣ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ከራሱ የእሷ ወተት ሽታ ይወጣል። ያንን ሰዓት መጠበቅ ነው።

እስከዚያ ሁለቱን ልጆቿን ከእሱ ጋር ባንድ ካርቶን ለጥቂት ሰዓት ዝጊባቸው፣ ይተሻሹ፣ ይሸናኑበት። ከዚያ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ነው የምታቀርቢላት።

የቆቦ_ገበሬ | 1:58

ጨው ልጄ። ጨው ውኃ ላይ በጥብጠሽ ጀርባውንና ጭራውን ቀቢው። ፍየል ለጨው ልጇን አይደለም ነብር ትልሳለች። ስትልስ ልቧ ይመለሳል። ጥግ ላይ አጭር አድርገሽ እሰሪያትና አንቺ ወገቧን በጉልበትሽ ደግፈሽ ያዢ፣ ይጥባ። በቀን አምስቴ። በሦስተኛው ቀን ካልተቀበለችው እኔን «ውሸታም ሽማግሌ» በይኝ።

መርፌና_ጓንት | 2:04

የጋሼ ምክር ይሠራል፣ እኔም ሲሠራ አይቻለሁ። ብትቀበለውም ግን እነዚያ ሁለቱ ጉልበተኞች ስለሆኑ ገፍተው ያስርቡታል፣ በቀን ሁለቴ ጡጦ ጨምሪለት። የእሷ ካልበቃ የላም ወተት ይሆናል፣ ውኃ ሳትቀላቅይ። የዱቄት ወተትና ላም ወተት እያፈራረቅሽ ግን አትስጪው፣ ሆዱ ይረበሻል። ተቅማጥ ከያዘው ወተቱን በለምለም (ለተቅማጥ በሚበጠበጠው ዱቄት) እያፈራረቅሽ ስጪው፣ ፓኬቱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከቀን ከበለጠ ወይም ደም ከታየ ወደ ክሊኒክ።

ጠባሴ_ማዶ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:20

ጋሼ፣ እርስዎ ውሸታም አይደሉም። ዛሬ ጠዋት ነው የሆነው። አስሬያት ስትልሰው ስትልሰው ምን እንደምታደርግ ለማየት ብዬ ገመዱን ላላ አደረግሁት። አልወጋችውም። አንገቷን አዙራ ጭራውን አሸተተችና «እምም» አለች፣ ያንን በአፍንጫዋ የምታሰማውን ድምፅ፣ ለሁለቱ ብቻ ታሰማው የነበረውን። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር፦ ከኋላዋ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ እየወጣ ነው። አራተኛ ቀኗ ነው።

መርፌና_ጓንት | 10:02

የማይሸት ከሆነ፣ እየበላችም ከሆነ ተይው፤ እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈሳት ይችላል። የሚከረፋ ከሆነ፣ መብላት ካቆመች ወይም ካተኮሳት በዚያው ቀን አሳያት። ጡቷንም በየቀኑ ዳስሺ፣ አንዱ ወገን ከጠጠረ፣ ከሞቀ፣ ወተቱ ከረጋ ጡቷ ታሟል ማለት ነው። ደግነቱ ሦስት ልጅ ስላላት ወተቱ አይጠራቀምም።

ክትፎ_ወዳጅ | 10:10

እኔም አልቅሻለሁ ግን ማንም አይመነኝ።

ጠባሴ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

ተመልሼ መጣሁ፣ በጥሩ ዜና አይደለም። ትንሹ ደህና ነው፣ ካርቶኑ ጠብቦታል። ሴቷ ናት። ትልቋ፣ ጠንካራዋ፣ ስለ እሷ አስቤ የማላውቀው። ከትናንት ጀምሮ የፊት እግሯን አትረግጥም። ጉልበቷ አብጧል፣ ሲነካ ይሞቃል። ጎረቤቴ ዘላ ተሰብራ ነው፣ በቀርከሃ እሰሪላት አለኝ።

መርፌና_ጓንት | 2:24

እንዳታስሪላት! እትብቷን እይው። ደርቋል ወይስ እርጥብ ነው?

ጠባሴ_ማዶ | 2:31

እርጥብ ነው። ሥሩ እንደ ባቄላ ጠጥሯል፣ ስነካው ጮኸች።

የዚያን ቀን ማታ አዮዲኑን የቀባሁት ትንሹን ብቻ ነበር። ጠይቀኸኝ ነበር፣ «የትንሹን» ብዬ መለስኩልህ፣ አንተም አለፍከው፣ እኔም አለፍኩት። ሁለቱ ደህና ናቸው ብዬ።

መርፌና_ጓንት | 2:40

ልክ ነሽ፣ አለፍኩት። ጥፋቱ የኔም ነው።

ጀርሙ በእትብቷ ገብቶ በደሟ ወደ መገጣጠሚያዋ ሄዷል። እርጥብ እትብት ጭድና ፍግ ላይ ሲጎተት ክፍት በር ነው፣ ጠንካራውም ደካማውም እኩል። ዛሬውኑ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጃት፣ ቅዳሜን አትጠብቂ። በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት ያዙላታል። ሁለተኛ ቀን ላይ መራመድ ስትጀምር «ዳነች» ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ያዘዙትን ሁሉ ትጨርስ። መገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ተመልሶ ያንካሳታል። የወንዱንም እትብት እይው፣ ጉረኖውንም ጥረጊ፣ ደረቅ ጭድ አንጥፊ።

የቆቦ_ገበሬ | 3:10

ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ጉልበቱ ያበጠ ግልገል በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፋብኝም። ድንጋይ ዘሎ ተሰበረ ብለን በእንጨት ስናስር፣ ኋላም ስናርድ ነው የኖርነው። ስብራት ከሆነ ለምን ገና ሳይዘል ይሰበራል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አዮዲኑ ዋጋው ስንት ነው?

ጠባሴ_ማዶ | 3:18

ጋሼ፣ የኔ ትንሿ ጠርሙስ ለሦስቱም ትበቃ ነበር። እሱ ነው የሚያበሳጨኝ።

ጠባሴ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11:00

አምስተኛው መርፌ ዛሬ አለቀ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መርገጥ ጀምራለች፣ እብጠቱ ግማሽ ሆኗል፣ ሐኪሙ ዓርብ መልሼ እንዳመጣት ነግሮኛል። ትንሽ ታነክሳለች። ትንሹ ደግሞ እናቱ ስትተኛ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ነው የሚያድረው፣ ከታች ቦታ ሞልቶ።

እሙ_ሐረማያ | 11:12

ብልጥ ነው፣ ሞቃቱን ቦታ ለይቶታል። አሁን ሁለት ሳምንት ሞልቷቸዋል አይደል፣ ለስላሳ ድርቆሽ አንጠልጥይላቸው፣ መጫወት ይጀምሩ። ስም አወጣሽለት?

ጠባሴ_ማዶ | 11:20

አማቴ «ፌስታል» ነው የሚሉት። እምቢ ብዬ ነበር፣ አሁን ሲጠሩት ይመጣል።